ቢኤስሲው በፊዚክስ፣ ማስተርሱ በሌላ፦ መስክ መቀየር ለምታስቡ የሳይንስ ተመራቂዎች

"በባዮሎጂ ነው የተመረቅኩት፣ ማስተርሴን በሕብረተሰብ ጤና መማር እችላለሁ?" "ኬሚስትሪ ተምሬ ዳታ ሳይንስ ይቀበሉኛል?" "ፊዚክስን ድሮም አልፈለግኩትም፣ አሁን መቀየር ይቻላል ወይስ አለቀ?"

የድህረ ምረቃ ማመልከቻ ወቅት በመጣ ቁጥር እንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ይደርሱናል። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ ዛሬ ነገሩን ሰብሰብ አድርገን እናብራራው።

አጭሩ መልስ፦ መቀየር ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ቀይሯል። ግን የትኛውም መስክ ወደ የትኛውም መስክ አያሻግርም። አንዳንዱ በር ክፍት ነው፣ አንዳንዱ ተጨማሪ ኮርስ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሀ እንደገና ካልጀመራችሁ አይከፈትም። ይህን ሳይለዩ መግባት ሁለት ዓመት ተምሮ የማይቀጠሩበት ዲግሪ ይዞ መውጣትን ሊያስከትል ይችላል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ!

▪ ጥያቄው ለምን እኛ ሀገር በዛ?

አንደኛው ምክንያት ምደባው ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ምርጫውን ይሞላል እንጂ የሚደርሰው በውጤቱና በመቀበያ ቦታው ብዛት ነው። ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ የሚያደርግ ፖሊሲ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። በዚህ መሀል ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ፈልጎ ፊዚክስ፣ ሒሳብ ወይም ባዮሎጂ የደረሰው ተማሪ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ገበያው ነው። በሳይንስ ትምህርቶች ለተመረቀ ሰው በቅርብ የሚታየው ሥራ ማስተማር ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነትም የመምህርነት የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ፣ በተለምዶ "ፒጂዲቲ" የምንለውን፣ መጨመር አለ። ማስተማር የማይፈልግ ሰው ዓይኑን ወደ ሌላ መስክ ቢያዞር አይገርምም።

ሦስተኛው ግን ብዙ የማይወራለት ነው፦ ሰው በ18 ዓመቱ የመረጠውን በ22 ዓመቱ ላይወደው ይችላል። ይህ ውድቀት አይደለም።

▪ ርቀቱን ለኩ

መስክ መቀየርን በሦስት ርቀት ከፍለን ብናየው ይቀላል።

1. ቅርብ፦ መሠረቱ አንድ ሆኖ አጠቃቀሙ የሚለይበት ነው። ከኬሚስትሪ ወደ ምግብ ሳይንስ ወይም ወደ አካባቢ ሳይንስ፣ ከፊዚክስ ወደ ጂኦፊዚክስ ወይም ወደ ሕዋ ሳይንስ፣ ከባዮሎጂ ወደ ባዮቴክኖሎጂ፣ ከስታቲስቲክስ ወደ ባዮስታቲስቲክስ። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪያችሁ "ተዛማጅ" ተብሎ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉት የምግብ ሳይንስና ሥነ ምግብ ማዕከል፣ የአካባቢ ሳይንስ ማዕከል እንዲሁም የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና የሥነ ፈለክ ተቋም በባሕርያቸው ከአንድ በላይ የትምህርት ክፍል የሚያገናኙ ናቸው።

2. መካከለኛ፦ የተወሰነ መሠረት አላችሁ፣ የተወሰነ ይጎድላችኋል። ከፊዚክስ ወይም ከሒሳብ ወደ ዳታ ሳይንስና ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ከሒሳብ ወደ ኢኮኖሚክስ፣ ከባዮሎጂ ወደ ባዮኢንፎርማቲክስ። እዚህ "ይቀበሉኛል ወይ?" ለሚለው መልሱ የሚገኘው ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ነው።

3. ሩቅ፦ የመጀመሪያ ዲግሪው ራሱ የሙያው መግቢያ የሆነበት ነው። በሕግ ማስተርስ ለመማር የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ሲቪል ምሕንድስናም እንደዚያው ናቸው። እዚህ ጋር ማስተርስ አቋራጭ አይሆንም፤ ያለው አማራጭ ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ መማር ነው።

በተቃራኒው እንደ ኤምቢኤ ያሉ ፕሮግራሞች ከየትኛውም መስክ የመጣን ሰው የመቀበል ልማድ አላቸው። የግል ተቋም ከሆነ ግን ፕሮግራሙ (ተቋሙ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙ ራሱ) በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን ሳታረጋግጡ ገንዘብ እንዳትከፍሉ።

▪ ከየት ወደየት ይቀላል?

በሳይንስ መስኮች መሀል መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ሒሳብ ከበዛበት ወደ ሒሳብ ወዳነሰበት መሄድ ከተቃራኒው ይቀላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሒሳብ ተደራራቢ ነው፤ ካልኩለስ ሳይዙ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የለም፣ ሊኒየር አልጄብራ ሳይዙ ማሽን ለርኒንግ በወጉ አይገባም። አንዱን ለመያዝ አንድ ሴሚስተር፣ ሁሉንም ለመያዝ ዓመታት ይወስዳል። ስለ ሴልና ስለ ጂን ግን አንድ የፊዚክስ ተመራቂ ጥሩ መጽሐፍ ይዞ ቢቀመጥ በወራት ውስጥ ውይይት መከታተል ይችላል። (የላብራቶሪ እጅ ግን በንባብ አይመጣም፤ እሱ ሥራ ይፈልጋል።)

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የፊዚክስ ተመራቂ ወደ ዳታ ሳይንስ መግባት ፈለገ እንበል።

ያለው፦ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጄብራ፣ ከስታቲስቲካል ፊዚክስ የመጣ የፕሮባቢሊቲ ግንዛቤ፣ ምናልባት አንድ የፕሮግራሚንግ ኮርስ።
የሚጎድለው፦ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም፣ ዳታቤዝ፣ ሥርዓት ያለው የስታቲስቲክስ ትምህርት።

ሦስት ጉድለት ነው። በአንድ ዓመት የሚሞላ ነው። የባዮሎጂ ተመራቂው ደግሞ ከእነዚህ ሦስቱ በተጨማሪ የሒሳቡን መሠረት መሙላት አለበት። ለእሱ ባዮኢንፎርማቲክስ የተሻለ መግቢያ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ባዮሎጂው እዚያ ሸክም ሳይሆን ሀብት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የቀድሞ ዕውቀታችሁ ዋጋ የሚያገኝበትን ድንበር ፈልጉ። ሁሉን ጥሎ እንደ አዲስ ከመቆም የያዙትን ይዞ መሻገር ይሻላል።

▪ ሀገር ውስጥ ለምታመለክቱ

– መጀመሪያ ዲግሪው በእጅ መኖር አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ፈተናው የሚሰጠው በተማራችሁበት መስክ ነው። "እኔ እንደሆነ ልቀይረው ነው" ብሎ የመጨረሻውን ዓመት ችላ ማለት ሁለቱንም ያሳጣል።

– የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው (ኤንጋት ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋት የሚባለው) በዋናነት የቃል፣ የቁጥርና የትንታኔ ችሎታን ይለካል። ይህ ለመስክ ቀያሪ መልካም ዜና ነው፤ የማታውቁትን ትምህርት አይጠይቃችሁም። ነገር ግን ማለፉ ብቻውን ወደ ፈለጋችሁት ትምህርት ክፍል አያስገባም። ትምህርት ክፍሉ የራሱ መስፈርት፣ አንዳንዴም የራሱ ፈተናና ቃለ መጠይቅ አለው።

– ማስታወቂያው ላይ "ወይም ተዛማጅ መስክ" የሚለውን ሐረግ በጥንቃቄ አንብቡት። ተዛማጅ የሚባለው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ትምህርት ክፍሉ ነው። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ወይም በወሬ የሰማችሁትን ይዛችሁ አትመዝገቡ። ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይም የድህረ ምረቃ አስተባባሪ ሂዱ፣ ትራንስክሪፕታችሁን አሳዩ፣ ከተቻለ መልሱን በጽሑፍ ወይም በኢሜይል ያዙ።

– አንዳንድ ትምህርት ክፍሎች "ይህን ይህን የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስ ጨምራችሁ ትወስዳላችሁ" ብለው ይቀበላሉ። ይህ ተጨማሪ ጊዜና ተጨማሪ ክፍያ ስለሆነ ስንት ኮርስ፣ በስንት ብር፣ ከመደበኛው ጋር ጎን ለጎን ነው ወይስ ቀድሞ የሚለውን መጀመሪያ ጠይቁ።

– ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ከተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ እንዲላክ ይጠየቃል። የወጪ መጋራት ጉዳይም አብሮ ሊነሳ ይችላል። ይህ ሥራ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በተለይ የተማራችሁበት ቦታ ሩቅ ከሆነ ከመመዝገቢያው ቀን በፊት ጀምሩት።

– ስፖንሰር የሚያደርጋችሁ መሥሪያ ቤት ካለ መስኩን መቀየራችሁን በግልጽ ማወቅ አለበት። ስትመለሱ "ይህ ለእኛ የሥራ መደብ አይሆንም" ከሚል ክርክር ያድናችኋል።

▪ ውጭ ሀገር ለምታስቡ

ሁሉም ሀገር አንድ ዓይነት አያይም።

በአሜሪካ በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት የተለመደ ነው። በሳይንስ መስኮች የፒኤችዲ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት እየሠራ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ የኑሮ ድጎማም ያገኛል። የመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ኮርስ የሚወሰድባቸው ስለሆኑ መስክ ለሚቀይር ሰው ጉድለቱን የሚሞላበት ጊዜ ይሰጣሉ። በአንጻሩ ማስተርስ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ በራስ ገንዘብ የሚከፈል ነው። ስለዚህ "መጀመሪያ ማስተርስ ልማር፣ ከዚያ ፒኤችዲ" የሚለው የእኛ ቅደም ተከተል እዚያ በጣም ውድ ሊሆን ይችላል።

በጀርመንና በብዙ የአውሮፓ ሀገራት ነገሩ ወደ ቆጠራ ያደላል። የማስተርስ ፕሮግራሙ "በሒሳብ ይህን ያህል ክሬዲት፣ በፕሮግራሚንግ ይህን ያህል ክሬዲት" ብሎ ይጽፋል። ክሬዲቱ ኢሲቲኤስ በሚባለው መለኪያ ነው፤ አንድ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ሲሆን የሦስት ዓመት ባችለር 180 ይሆናል። እዚህ ጥሩ የማመልከቻ ደብዳቤ የጎደለ ክሬዲት አይሞላም። ትራንስክሪፕታችሁን ከመስፈርቱ ጎን አስቀምጣችሁ ኮርስ በኮርስ ደምሩት። የኮርሱ ስም የማይመሳሰል ከሆነ (ለምሳሌ "ማቴማቲካል ሜተድስ ኦፍ ፊዚክስ" ውስጥ ሊኒየር አልጄብራ ካለ) የኮርሱን ዝርዝር ይዘት አያይዙ። የኮርስ ካታሎጋችሁን ዛሬውኑ ከትምህርት ክፍላችሁ ውሰዱት፣ ከዓመታት በኋላ ማግኘት ይከብዳል።

በእንግሊዝ ደግሞ በተለይ በኮምፒውተር ሳይንስ ከሌላ መስክ ለመጡ ተብለው የተዘጋጁ የአንድ ዓመት ማስተርሶች አሉ። ችግሩ ክፍያቸው ነው፤ ስኮላርሺፕ ሳይያዝ የሚሞከር አይደለም።

ኢራስመስ ሙንደስ የሚባሉት የጋራ ማስተርሶች ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት መስክ የሚያቀላቅሉ ናቸው። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ የትምህርት ክፍያ የለበትም፣ በወርም 1,400 ዩሮ ያገኛል።

▪ ድልድይ የሆኑ ፕሮግራሞች

ብዙ ሰው የማያውቃቸው፣ ለመስክ ቀያሪ ግን ልክ የሆኑ ሦስት ዕድሎች እንጠቁም።

– ኤይምስ (የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም)፦ እ.ኤ.አ. በ2003 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተጀምሮ ወደ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ የተስፋፋ ነው። በሒሳብ ሳይንስ ማስተርስ ይሰጣል። ከሒሳብ ብቻ ሳይሆን ጠንካራ ሒሳብ ካላቸው ሌሎች የሳይንስ መስኮች የመጡትንም ይቀበላል።

– የአይሲቲፒ ዲፕሎማ፦ ጣሊያን ትሪየስቴ የሚገኘው ይህ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1964 በፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም የተመሠረተ ነው። ከታዳጊ ሀገራት ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ በስኮላርሺፕ ይሰጣል። ከዘርፎቹ መካከል የምድር ሥርዓት ፊዚክስ (አየር ንብረትን የሚያካትት) እና በሒሳብ የሚጠና የሕይወት ሳይንስ አሉ። ከፊዚክስ ወይም ከሒሳብ ወደ አየር ንብረት ወይም ወደ ባዮሎጂ ለመሻገር ከዚህ የተሻለ ድልድይ ማግኘት ይከብዳል።

– የአፍሪካ ኅብረት ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ፦ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በአልጄሪያና በካሜሩን ተቋማት አሉት። የአልጄሪያው በውሃና ኢነርጂ ላይ ያተኩራል። ስኮላርሺፕ ይሰጣል።

▪ ወደ ጤና ለመቀየር የምታስቡ፣ ይህን ሳታነቡ አትለፉ

ከባዮሎጂና ከኬሚስትሪ የሚመጣው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና መስኮች የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ የሕክምና ትምህርት በ13 ተቋማት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ "ከሳይንስ ወደ ሕክምና" የሚለው ሐሳብ እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ነገር አትደባልቁ፦ በጤና መስክ ማስተርስ መያዝ እና የጤና ባለሙያ ሆኖ ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ማግኘት። በባዮሎጂ ተመርቆ በሜዲካል ማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ የያዘ ሰው ጥሩ ተመራማሪ ሊሆን ይችላል። የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ሆኖ ለመሥራት የሚጠየቀው ፈቃድ ግን የሙያውን የመጀመሪያ ዲግሪ መሠረት የሚያደርግ ነው። ማስተርሱ ብቻውን ያንን አይተካም። ሐሳባችሁ ምርምር ከሆነ ችግር የለውም፤ ሐሳባችሁ ሆስፒታል መቀጠር ከሆነ ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ፈቃድ ሰጪውን አካል ጠይቁ።

▪ ከምረቃ በኋላ ምን ይመጣል?

ሌላው መታየት ያለበት የሥራ ማስታወቂያ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ዲግሪ በስም ይጠራሉ፤ ቢኤስሲው ከሌላ መስክ የሆነ ሰው ማስተርሱ ትክክል ሆኖ እንኳ ሊወድቅ ይችላል። የግል ድርጅቶችና የምርምር ፕሮጀክቶች ደግሞ "ምን መሥራት ትችላለህ?" ወደሚለው ያደላሉ።

ስለዚህ ቀላል ፈተና እንስጣችሁ። ለመያዝ ያሰባችሁትን ማስተርስ የሚጠይቁ አሥር የሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስቡ። በእያንዳንዱ ላይ የእናንተ ቢኤስሲ ያሳልፋል ወይስ ይጥላል? ከአሥሩ በስምንቱ የምትወድቁ ከሆነ መንገዱን እንደገና አስቡበት።

▪ የቀየሩ ሰዎች ምን አደረጉ?

ረድኤት አበበ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። በሐርቫርድ ሒሳብ ተማረች፣ በካምብሪጅም ሒሳብ ቀጠለች፣ ከዚያ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲዋን በኮምፒውተር ሳይንስ ሠራች። በዚያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መስክ ፒኤችዲ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ሒሳቡን አልጣለችውም፤ አልጎሪዝምን ለማኅበራዊ ችግሮች ጥናት ስታውል መሠረቷ እሱ ነበር።

ቬንኪ ራማክሪሽናን ሕንድ ውስጥ በፊዚክስ ተመርቆ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በዚያው በፊዚክስ ፒኤችዲ ያዘ። ከዚያ ወደ ባዮሎጂ ማዘንበል ፈለገ። ዶክተር ከተባለ በኋላ እንደገና ሁለት ዓመት የባዮሎጂ ድህረ ምረቃ ተማሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ራይቦዞም አወቃቀር በሠራው ጥናት የኖቤል ሽልማትን ተጋራ፤ ሽልማቱም በሦስተኛ መስክ፣ በኬሚስትሪ ነበር።

ሁለቱም የሚያሳዩን፣ የቀየሩት ሰዎች አንድም መሠረታቸውን ይዘው ተሻገሩ፣ አንድም ወደ ኋላ ተመልሰው ለመማር አላፈሩም።

▪ የማመልከቻ ደብዳቤው

መስክ ቀያሪ ከሌላው አመልካች የሚለየው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ስለሚቀርብለት ነው፦ "ለምን?"

ብዙዎች የሚጽፉት "ፊዚክስ የደረሰኝ ተመድቤ ነው እንጂ ፍላጎቴ አልነበረም" የሚል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን አንባቢው ኮሚቴ ከዚህ የሚያገኘው አራት ዓመት ያልወደደውን የተማረ ሰው መሆናችሁን ብቻ ነው። አሮጌውን ስለ መጥላት ሳይሆን ወደ አዲሱ የሚወስዳችሁን ማስረጃ ጻፉ፦ የወሰዳችሁት ኮርስ፣ የሠራችሁት ፕሮጀክት፣ የጻፋችሁት ኮድ፣ በጎ ፈቃድ ያገለገላችሁበት ላብራቶሪ።

ውጤት ዝቅ ያለባችሁ ካላችሁ በጥቅሉ ጂፒኤ አትሸማቀቁ። ከአዲሱ መስክ ጋር የሚገናኙትን ኮርሶች ውጤት ነጥላችሁ አሳዩ። የድጋፍ ደብዳቤ ከምታስጽፏቸው መምህራን ቢያንስ አንዱ ስለ አዲሱ መስክ ችሎታችሁ መናገር የሚችል ይሁን።

ገና ተማሪ ለሆናችሁ ደግሞ ከሁሉም የረከሰ መንገድ አለ፦ የመመረቂያ ጥናታችሁን ድንበሩ ላይ ምረጡት። ኬሚስትሪ ተማሪ ናችሁ፣ ልባችሁ አካባቢ ሳይንስ ላይ ነው? የአካባቢያችሁን የወንዝ ውሃ መርምሩ። ሒሳብ ተማሪ ናችሁ፣ ልባችሁ ጤና ላይ ነው? የወረርሽኝ ስርጭት ሞዴል ሥሩ። ምንም ተጨማሪ ብር ሳያወጡ የመጀመሪያውን ማስረጃ በእጅ መያዝ ማለት ይህ ነው።

▪ ከመወሰናችሁ በፊት እነዚህን መልሱ

1. የምሸሸው ትምህርቱን ነው ወይስ ሥራ ማጣቱን? (ሥራ ማጣቱ ከሆነ አዲሱ መስክ ሥራ እንዳለው በማስታወቂያ አረጋግጫለሁ?)
2. የሚጎድሉኝ ኮርሶች ስንት ናቸው? በስምም ጽፌያቸዋለሁ?
3. ትምህርት ክፍሉ "ተዛማጅ ነው" ብሎ አረጋግጦልኛል?
4. ሙያው ፈቃድ ይጠይቃል? ፈቃዱ የመጀመሪያ ዲግሪን ያያል?
5. ባይሳካ በያዝኩት ዲግሪ የምኖርበት መንገድ አለኝ?

አምስቱንም በልበ ሙሉነት ከመለሳችሁ ቀይሩ፤ ማንም "ዕድሜህን አባከንክ" ቢላችሁ አትስሙት። ሁለቱን ወይም ሦስቱን መመለስ ካልቻላችሁ ደግሞ ዘንድሮ አትቸኩሉ። አንድ ዓመት ሠርቶ፣ ኮርስ ሞልቶ፣ ጠይቆ ማመልከት ሁለት ዓመት በማይሆን ፕሮግራም ውስጥ ከመቆየት እጅግ ያንሳል።

ይህን መረጃ ለሚያስፈልገው ጓደኛችሁ አድርሱለት። መልካም ዕድል!